እማዬ፣ አትስጊ፤ ውሃው ሞቃት ነው

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ።

ማሙሽ ፎቶውን ሲያሳይሽ «ጥር ላይ ውሃ ውስጥ ምን ታደርጋለች? ሳንባ ምች ይግደላት?» ብለሽ እንደተቆጣሽ ሰማሁ። ስልኩ እየተቆራረጠ አላስወራ ስላለን ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ማሙሽ፣ ሳትዘል አንብብላት።

ቦታው ሳኽኔ ይባላል፤ እዚህ እስራኤል፣ እኔ ካለሁባት ከአፉላ ከተማ ሩቅ አይደለም። በመንግሥት ወረቀት ላይ ጋን ሃሽሎሻ ነው፣ «የሦስቱ መናፈሻ» እንደማለት። በፈረንጆቹ 1938 ለሰፈራ የሚሆን መሬት ሊያዩ ወጥተው በፈንጂ የሞቱ ሦስት ሰዎች መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ ግን የድሮውን የዓረብኛ ስም አልተወውም።

ውሃው የሚፈልቀው ከጊልቦዓ ተራራ ሥር ነው። አዎ፣ ሳኦል ከነልጆቹ የወደቀበት ጊልቦዓ! ዳዊት አዝኖ ዝናብም ጠልም አይውረድብህ ብሎ የረገመው። እርግማኑ አልያዘም መሰለኝ፤ ዝናቡ እየዘነበ በድንጋዩ ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል። እዚያ ጥልቁ ውስጥ ይሞቅና ተመልሶ ይወጣል። ለዚህ ነው ክረምት ከበጋ 28 ዲግሪ የሆነው። እንደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ አያቃጥልም፣ ለብ ያለ ነው። ጥር ላይ ብርዱ የሚጀምረው ከውሃው ስትወጪ ነው። ያኔ ፎጣ ይዞ መሮጥ!

ጥራቱን ብታዪው ደግሞ! ቆመሽ የእግርሽን ጣት ታዪያለሽ። ትንንሽ ዓሦች መጥተው ተረከዝሽን ይለቃቅሙሻል። መጀመሪያ ቀን ጮኼ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ኩሬዎቹ የተያያዙ ናቸው፤ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው በፏፏቴ ይወርዳል። ከፏፏቴው ሥር ትከሻን አስመትቶ መቀመጥ ነው እንግዲህ፣ ከሥራ ሳምንት በኋላ መድኃኒት ነው።

ዋና የት ተማረች ትይ ይሆናል። ጎንደር እያለሁ ዋና የወንዶች ነበር። ቀሃ ወንዝ ወርደው ሲንቦጫረቁ፣ በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ከግንቡ እየዘለሉ ሲገቡ እኛ ዳር ቆመን ማየት ብቻ። እዚህ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት ወገቤን ይዛ መንሳፈፍ ያስተማረችኝ። አሁን ከዳር እስከ ዳር እሻገራለሁ። ነፍስ አድን ሠራተኞችም አሉ። የልብሱም ነገር አያሳስብሽ። ሃይማኖት የሚያጠብቁ አይሁድ ሴቶችም፣ ሙስሊሞቹም ከነልብሳቸው ሲገቡ ታያለሽ። እኔም እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ከነሱሪው ገዝቻለሁ።

አልጋ በአልጋ ነው እያልኩሽ ግን አይደለም። መግቢያው ይከፈልበታል፣ ቅዳሜ ደግሞ እግር መጣያ የለም። ከዚህ የሚወጣው ውሃ አሲ የሚባል ወንዝ ሆኖ ኒር ዳዊድ በሚባል ኪቡትዝ፣ ማለት ሰዎች በማኅበር በሚኖሩበት መንደር መሀል ያልፋል። እዚያ ጋ ትልቅ ጭቅጭቅ አለ። በቅርብ ያለችው የቤት ሻን ከተማ ሰዎች ወንዙ የሁላችንም ነው፣ በሩን ክፈቱልን ብለው በፈረንጆቹ 2020 ሰልፍ ወጥተዋል፤ ነገሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። ኪቡትዞቹ ደግሞ ግቢያችን ነው፣ ሰው ሲበዛ ቆሻሻና ጫጫታ ይበዛል ይላሉ። ቆሻሻውስ እውነት ነው፤ ሰዉ በልቶ ጥሎ ነው የሚሄደው። ግን እኔን ከጠየቅሽኝ ከቤት ሻን ሰዎች ጋር ነኝ። ወንዝ እንዴት በር ይኖረዋል?

ማሙሽ፣ አንተ ደግሞ ቀሃ ክረምት ሲሞላ እንዳትገባ! ስትመጡ እኔው አስተምርሃለሁ። ወደዚህ የመምጫ ወረፋችሁን ነገር ጠይቄ ነበር፣ እስካሁን አዲስ ነገር የለም። ወረቀቶቹን ግን አንድ ላይ አስቀምጡ፣ በተለይ የአባዬን።

ትንሽ ብር ልኬያለሁ። መጀመሪያ መነጽርሽን አሠሪበት፣ ለማንም እንዳታበድሪ። እዚህ ለሚመጣ ሰው በርበሬ ላኪልኝ፤ የዚህ አገሩ አይጥመኝም።

ለእትዬም ለጎረቤቱም ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ልጅሽ፣ ከአፉላ