አንድ ክንድ ጃስሚን

ውድ እህቴ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ እስኪበቃሽ ትቆጭኛለሽ፤ ዛሬ ግን ጉዳይ አለኝ።

ልጅሽን ልታስመዘግቢ ደቡብ ህንድ፣ ሚሱሩ ከተማ ልትሄጂ ነው አሉኝ። እባክሽ፣ ከምዝገባው በፊት ይሁን በኋላ አንድ ጠዋት ለከተማው አሮጌ ገበያ፣ ለዴቫራጃ ስጪልኝ። አንቺ ገበያ ገብተሽ በሩጫ ነው የምትወጪው፤ ይሄኛውን ግን ቀስ ብለሽ እዪው። በፈረንጆች ኦገስት 2012 ማዶ ያለው ላንስዳውን ሕንጻ፣ ያ አሮጌ መጻሕፍት ስናገላብጥ የምንውልበት፣ ከፊሉ ተደርምሶ አራት ሰው ገደለ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በኦገስት 2016፣ የገበያው አንዱ ወገን ወደቀ። ከዚያ ወዲህ «አፍርሰን በዚያው መልክ እንሥራው» የሚሉና «ይጠገን» የሚሉ ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ዓመታት አለፉ።

እኔ ይጠገን ባይ ነኝ። እንዲህ ያለውን የጡብና የኖራ ሕንጻ ከዕድሜው ይልቅ የሚጥለው ውሃ ነው። ጣሪያው ይሰነጠቅና የክረምቱ ዝናብ ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፤ ስንጥቁ ላይ ሲሚንቶ ይለጠፋል። ሲሚንቶው ግን እርጥበቱን አላስወጣ ብሎ ውስጥ ያፍነዋል፤ ኖራው ይላላል፣ ጡቡ ይፈረፈራል። ኖራውን በኖራ የሚጠግን እጅ ቢያገኝ ገና ብዙ ይቆማል። ደግሞስ አዲሱ ሕንጻ አሮጌውን ቢመስል፣ እስኪሠራ የተበተነው ሻጭ በምን ይመለሳል? ለዶሮ ማነቂያ ያለቀስሽ ሴት፣ ይሄ ለአንቺ አይነገርም።

በማለዳ ግቢ፣ አበባ ተራው ቀድሞ ይሞቃል። የሚሱሩ ማሊጌ የሚሉት ጃስሚን፣ የኛ የጠምበለል ዘመድ፣ የሚገዛው በእንቡጡ ነው። የፈነዳውን ቢያረክሱልሽም አትውሰጂ፣ ማታ ሽታ አይኖረውም። እንቡጡ አመሻሽ ላይ ይከፈትና ያኔ ክፍሉን ያውደዋል። እባክሽ ሴቶቹ ሲጎነጉኑት ቆመሽ እዪ። ክሩ ከሙዝ ግንድ የተላጠ ቃጫ ነው፣ እንደ እንሰቱ ቃጫ፤ እንዳይበጠስ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሁለት እንቡጥ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ግራ ይደረግና አገዳቸው ሲጠላለፍ ቃጫው ዞሮባቸው ይቋጠራል። ቋጠሮው ከጠበቀ አገዳውን ይቆርጠውና አበባው ይረግፋል፤ ከላላ ይሾልካል። ሴቶቹ ግን ዓይናቸው ገዢው ላይ ሆኖ ነው የሚጎነጉኑት።

ልኬቱ «ሞላ» ነው፣ የኛው ክንድ፣ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። የሚለካው በሻጯ ክንድ ስለሆነ ረጅም ክንድ ያላትን ፈልጊ። በፌስታል አታስቋጥሪ፣ ያልበዋል፣ ቶሎም ይጠቁራል፤ በሙዝ ቅጠል ይጠቅልሉልሽ። ለዳሳራ በዓል ሰሞን ከደረስሽ ዋጋው ይንራል። በበዓሉ ዘጠነኛ ቀን አውቶቡሱም መዶሻውም የልብስ ስፌት መኪናውም አበባ ይለብሳል።

አሁን ደግሞ ልናዘዝልሽ። ያ የጋራችን የህንድ ቡና ማጣሪያ፣ ሁለት ጽዋ ተደራርቦ ቡናው ከላይኛው ወደ ታችኛው የሚንጠባጠብበት፣ የተበላሸው በኔ እጅ ነው። ደቃቅ ቡና ቀዳዳውን ደፈነውና በመርፌ ስጎረጉረው ሰፋ፤ ይኸው አተላውን ሁሉ ያወርዳል። ብደውል ስለሱ ትጠይቂኛለሽ እያልኩ፣ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ። ሌላ አምጪልኝ፣ ገንዘቡን እልካለሁ። የማይዝገውን ግዢ። የላይኛውን ጽዋ ወደ ብርሃን አንሺና ቀዳዳዎቹ ደቃቅና እኩል መሆናቸውን እዪ፤ ከታችኛው ላይ ሲቀመጥም አይወዛወዝ።

ልጅሽም ትልመድበት። ሦስት የተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ቡና ታድርግ፣ ክቧን መጫኛ ሳትጠቀጥቅ ከላይ ታሳርፍ፣ ፈልቶ ጋብ ካለ ውሃ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ታፍስ፣ ከድና 15 ደቂቃ ትተወው። አልንጠባጠብ ካለ ቡናው ለጀበና እንደሚወቀጠው ደቅቋል፣ አለዚያም ተጠቅጥቋል። ቶሎ ከወረደ ሻካራ ነው፣ ቀጭን ይሆንባታል። አንድ እጅ ቡና ለሦስት እጅ ትኩስ ወተት። ቡናውን እሳት ላይ እንዳትመልሰው፣ ይመራል፤ የሚፈላው ወተቱ ነው። ቺኮሪ የሚሉት የተቆላ ሥር ይቀላቅሉበታል፤ ከመቶ ሃያ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ የቡናው ጣዕም ይጠፋል። ባባ ቡዳን የሚባል የሱፊ ሼህ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከየመን ሰባት ፍሬ አምጥቶ ቺክማጋሉር ተራራ ላይ ተከለ የሚሉትን ሲያወሩላት ትስማ። የመን ከየት እንዳገኘችው ደግሞ እሷ ትንገራቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ልጻፈው ልተወው እያልኩ ነው። ያቺ አበባ ተራው ጥግ ላይ የምትቀመጠው ሻጭ፣ «አካ»፣ ታላቅ እህት፣ የምንላት... ቦታዋን ሌላ ሰው ይዞት ካገኘሽ አትጠይቂ፣ ማወቅ አልፈልግም። አይ፣ ጠይቂ። ካለች ደግሞ አንድ ሞላ ግዢና ከክንድሽ ጋር አስተያዪው። ለኛ ሁልጊዜ አንድ ጣት ትጨምር ነበር፤ አሁንም ትጨምር እንደሆነ ጻፊልኝ።

እህትሽ