የጨርቅ ቀቃዮቹ ዓመት

በ2017 የትምህርት ዘመን የእጅ ሥራ ክበባችን 11 የበጋ ብርድ ልብሶች ሠርቷል። አዎ፣ የበጋ። ይህን መምህራን ክፍል ውስጥ ስናገር አንድ ባልደረባዬ «በጋ ደግሞ ምን ብርድ ልብስ ያስፈልገዋል?» ብሎ ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ። የመለሰችለት ድሬዳዋ ያደገች ባልደረባችን ናት። «እዚያ አራት ድርብ ጋቢ ለብሶ የሚተኛ የለም፤ ግን ባዶውንም የሚተኛ የለም» አለችው። እኛም የሠራነው ይህንኑ ነው፤ ስስ የሸማ ልብስ፣ በሽንኩርት ልጣጭ፣ በቡና አተላና በግራር ቅርፊት የተነከረ። የፋብሪካ ቀለም ጠብታ የለበትም።

ግቢ ውስጥ ስማችን «ጨርቅ ቀቃዮቹ» ነው። ይሁን፣ ተቀብለነዋል።

ስብሰባዎቻችንን አልዘረዝርም። አርብ አርብ ከሰዓት ተገናኝተናል፣ ኮሚቴ መርጠናል፣ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። ጥቅምት ላይ 34 ነበርን፣ ሰኔ ላይ 19። የቀሩት ማልያ ወደሚሰጥባቸው ክበቦች ሄዱ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨርቆች የነከርነው በእርድ ነው። ቢጫው እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ፣ አደይ አበባ! አንዱን መስኮት ላይ ሰቀልነውና በሁለት ሳምንት ፀሐይ በላችው። ሌላውን አንዷ ልጅ ቤቷ ወስዳ በሳሙና አጠበችው፤ ሰኞ ጠዋት እየሮጠች መጥታ «ቲቸር፣ ደም መሰለ!» አለችኝ። እውነትም ቀልቷል። የኬሚስትሪ መምህራችን ሲያስረዳን እርድ እንደ ሳሙና ያለ አልካሊ ሲነካው ይቀላል፣ አሲድ ሲያገኝ ወደ ቢጫው ይመለሳል። እዚያው ሎሚ ጨመቅንበት፤ ተመለሰ። ልጆቹ አጨበጨቡ። «ክበብ ጊዜ ማባከኛ ነው» የሚሉኝ ወላጆች ያን ቀን ቢኖሩልኝ ጥሩ ነበር። ቀይ ሥርም ሞክረናል፤ በመጀመሪያው እጥበት ውልቅ ብሎ ሄደ፣ ስለሱ ባናወራ ይሻላል።

ያላሳፈረን ሽንኩርት ነው። ጥጥ እንደ በግ ጠጉር ቀለም ቶሎ አይቀበልም፣ ልመና ይፈልጋል። መጀመሪያ በሳሙና ደህና ተደርጎ ይቀቀላል፣ ቀጥሎ የግራር ቅርፊት በፈላበት ውኃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ ሸብ (ቀለሙን ጨርቁ ላይ የሚያስይዝ ጨው) በሟሟበት ውኃ ያድራል፣ ቀለሙ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። (ቅርፊቱን ከቆመ ዛፍ አልላጥንም፤ እንጨት መሸጫ መሬት ላይ የወደቀውን ነው የለቀምነው።) ልጣጩ ወርቅ የመሰለ ቀለም ሰጠን። በግራር የተዘፈዘፈውን ጨርቅ ደግሞ የዛገ ሚስማር በአቼቶ በከረመበት ውኃ ስንነክረው ዓይናችን እያየ ጠቆረ፣ ልክ ሐምሌ ላይ እንጦጦ ላይ እንደሚንጠለጠለው ደመና።

አሁን ወደ ሽሮ ሜዳ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ይህን ዘገባ የጻፍኩት ለእሱ ነው።

የካቲት ላይ በሁለት ሚኒባስ ሸማውን ወደገዛንበት ሸማኔ ቤት ሄድን። አባባ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካሉ፣ የእኛዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አለን። ሁሌ አርፍዶ ይመጣል፣ ጥግ ይይዛል፣ አይናገርም፤ ስለማርፈዱ ሁለት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። መሃል ላይ ድር ተበጠሰ። አባባ መነጽራቸውን ሲፈልጉ ልጁ ከኋላ መጥቶ ጎንበስ አለና ሁለቱን ጫፍ ይዞ ቋጠረው። እንዴት እንደቋጠረው አላየሁም፣ ጣቶቹ ፈጠኑብኝ። አባባ በጋሞኛ አንድ ነገር አሉት፣ እሱም በጋሞኛ መለሰላቸው፣ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ አባባ ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁለት። ገብቶ አንድ ስንዝር የሚሆን ሠራ። ስልኮቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ።

ስንመለስ አጠገቤ አስቀመጥኩት። አባቱ ሸማኔ ነው። አርብ አርብ ምሳ ሰዓት ቤቱ ሄዶ ቀሰም ላይ ማግ (በሽመናው አግድም የሚገባውን ክር) የሚያጠነጥነው እሱ ነው፣ የሚያረፍደውም ለዚያ ነበር። «ለምን አልነገርከኝም?» ስለው «ይስቁብኛል ብዬ ነው፣ ቲቸር» አለ። አጼ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኔም መምህር ሆኜ የማውቀው «ለምን አረፈድክ» ማለት ብቻ ነበር።

ከዚያ አርብ ጀምሮ ጫፍ መቋጨት የሚያስተምረን እሱ ነው። የእኔን ሁለት ጊዜ አስፈትቶኛል።

ከ11ዱ 8ቱን በወላጆች ቀን ሸጠናል። ገንዘቡ የሸማውን ዕዳ ከፈለና አለቀ። ድስታችን እስካሁን የተውሶ ነው፤ ሸብ የነካው ድስት ተመልሶ ወጥ አይሠራበትም፣ የመመገቢያው ሠራተኞች ሲቆጡን እውነት አላቸው። ውኃ በጠፋባቸው አርቦች ደግሞ የተነከረ ጨርቅ ሳይለቀለቅ አድሯል፣ ሁለት ልብስ የተዥጎረጎረብን በዚህ ነው። ለኳስ ሜዳው ሣር በቦቴ ውኃ ሲመጣ አይቻለሁ። ሣሩን አልጠላም፤ ከዚያ ላይ አራት ጄሪካን ብቻ ቢደርሰን ነው የምለው።

ለ2018 የምንጠይቀው አንድ ባለ 40 ሊትር የራሳችን ድስት፣ አንድ በርሜልና የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ነው። ያልተሸጡት ሦስቱ ልብሶች እኔ ጋ አሉ፣ መጥታችሁ እዩ። ገንዘቡ የማይመቻችሁ ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ አትጣሉ፤ በፌስታል አድርጋችሁ በልጆቻችሁ ላኩልን፣ ቀዩ ይሻላል። ደረቅ ይሁን እንጂ። መጋቢት ላይ ከአንድ ቤት የመጣው እርጥብ ልጣጭ ክፍሉን ለሦስት ቀን አስለቅቆናል።