ሰውየው መቅዘፊያውን በትክክል ነው የያዘው

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፣ ግን ባለፈው ስለ ግሪንላንድ ካያክ፣ ማለትም ስለዚያች ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ፣ ባወጣችሁት ጽሁፍ ላይ ከፎቶው ስር ያለችው ሁለት መስመር እንቅልፍ ነሳችኝ። አንደኛ መቅዘፊያው ጠባብ የሆነው ሰፊ እንጨት ስላጡ ነው ትላለች፣ ሁለተኛ ደግሞ ሰውየው በስህተት ጫፉን ይዞታል ትላለች። ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ ሁለተኛዋማ ጭራሽ።

እንጨቱን በተመለከተ፣ አዎ፣ የግሪንላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች በሚኖሩበት ዳርቻ ለጣውላ የሚሆን ዛፍ የለም፣ የሚሰሩት ባህር በሚተፋው ግንድ ነበር፣ ከሳይቤሪያ ወንዞች ወጥቶ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈ በሚመጣ። እንጨት ብርቅ ነበር፣ አልክድም። ግን እኮ ከዚያው ግንድ የካያኩን አጽም አውጥተው፣ በበረዶ ላይ የሚጎተተውን ስሌድም ሰርተው፣ የመቅዘፊያውን ጫፍና ጠርዝ ደግሞ በረዶ እንዳይበላው አጥንት ቆርጠው በችንካር እየገጠሙ ያለብሱት ነበር። አጥንትን ከእንጨት እንደዚያ የሚገጥም ሰው ሰፋ ያለ ክንፍ፣ ውሃውን የሚገፋው ጠፍጣፋ ክፍል ማለቴ ነው፣ ቢፈልግ ሁለት ጣውላ ማጋጠም ያቅተዋል? ጠባብ ያደረጉት ጠባቡ ስለሚሰራላቸው ነው።

እኔ ይሄን ያወቅኩት በትከሻዬ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ሰፊ ክንፍ ያለው የፋይበርግላስ መቅዘፊያ ነበር፣ ሻጩ ትልቅ ክንፍ ትልቅ ጉልበት ነው ብሎኝ፣ ሁለት ሰዓት ከቀዘፍኩ በኋላ ማታ እጄን ከራሴ በላይ ማንሳት አልችልም ነበር። ሰፊው ክንፍ ገና ውሃ ሲነካ ግድግዳ እንደመምታት ነው፣ ድንጋጤው ቀጥታ መገጣጠሚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ጠባቡና ረጅሙ ግን ቀስ እያለ ነው ውሃውን የሚይዘው፣ ቀኑን ሙሉ ካያክ ውስጥ ተቀምጦ ሲል የሚባለውን የባህር እንስሳ የሚጠብቅ አዳኝ ደግሞ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው፣ በዚያ ላይ ድምጽ የለውም፣ ነፋስም ብዙ አይመታውም።

ከዚያ በቃ ራሴ ልስራው አልኩ። ደስ የሚለው ነገር ልኩ ሜትር አይፈልግም፣ ልኩ ሰውነትህ ነው። ሁለት እጅህን ዘርግተህ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ፣ እዚያ ላይ አንድ ክንድ ትጨምራለህ፣ ያ የመቅዘፊያው ርዝመት ነው፣ ለብዙ ሰው 2 ሜትር ከ10 ወይ ከ20 ሴንቲሜትር አካባቢ ይመጣል። መሃሉ፣ ማለትም እጀታው፣ የትከሻህን ስፋት ያህል። የክንፉ ስፋት ደግሞ በአውራ ጣትህና በሌሎቹ ጣቶች አቅፈህ መያዝ የምትችለውን ያህል ብቻ፣ ከ8 እስከ 9 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ፣ ክንፉ የሚለካው በሚይዘው እጅ ነው፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

እንጨቱ ቀላልና መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፣ ሴዳር ወይም ስፕሩስ ይመረጣል። እኔ የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው፣ ጣውላው ላይ አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል አንጓ ነበረች፣ ምን ታደርጋለች ብዬ ዝም አልኳት፣ በመጋዝ ቅርጹን አውጥቼ በመላጊያ ሳሳሳው አንጓዋ ክንፉ ሊጀምር ያለበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላ ተገኘች፣ ሶስተኛ ቀን ከጥልቅ ውሃ ሳልደርስ ቀጭ አለ። ሁለተኛውን ስሰራ ቀስ አልኩ፣ በአራቱም ፊት የመሃል መስመር በእርሳስ አሰመርኩ፣ ያ መስመር ተልጎ ከጠፋ የትኛው ጎን እንደወፈረ በምን ይታወቃል፣ ከዚያ ጠርዙን እያነሱ አራቱን ማዕዘን ስምንት፣ ስምንቱን አስራ ስድስት፣ በመጨረሻ ብርጭቆ ወረቀት። ስጨርስ ዓይኔን ጨፍኜ ክንፉን በመዳፌ ከላይ ወደ ታች ሳብኩት፣ ዓይን ያላየውን ጉብታ እጅ ያገኘዋል። ቫርኒሽ አልቀባሁትም፣ እርጥብ እጅ ላይ ያሟልጫል፣ የተልባ ዘይት ነው ያጠጣሁት፣ ሲደርቅ እየደገምኩ።

ውሃ ላይ ግን መጀመሪያ ቀን አፈርኩ። መቅዘፊያው እየተወዛወዘ ከኋላው ብልብልብል የሚል አረፋ ይጎትታል፣ ካያኩ ግን አይሄድም። ለካ እንደ ሰፊው ቀጥ አድርገህ አትገፋበትም፣ የክንፉን የላይኛውን ጠርዝ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ታደርገዋለህ፣ ያኔ ራሱ ውሃው ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ አረፋውም ዝም ይላል። ዝም ሲል ነው ልክ መሆንህን የምታውቀው።

ተገልብጦ መቃናቱም፣ ሮል የሚሉት ማለቴ ነው፣ ከዚሁ መቅዘፊያ ጋር የተያያዘ ነው፣ እንጨቱ ራሱ ስለሚንሳፈፍ የምትደገፍበት ይሆንልሃል። ግሪንላንድ ውስጥ በውድድር የሚታዩት የመቃኛ ዓይነቶች ከ30 በላይ ናቸው። አውሮፓ ውስጥ ኤዲ ፓውላታ የሚባል ኦስትሪያዊ በ1927 ራሱን አስተምሮ ሲቃና እንደ ተዓምር ነበር የታየው፣ ግሪንላንድ ውስጥ ግን የአዳኝ ልጆች የሚማሩት ነገር ነበር። መቅዘፊያው ክታብ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንግሊዛዊው አሳሽ ጂኖ ዋትኪንስ ከግሪንላንድ ሰዎች ጥሩ አድርጎ ተምሮ ነበር፣ በ1932 ግን ብቻውን ሊያድን ወጥቶ ባዶ ካያኩ ተገኘ፣ አስከሬኑ እስከ ዛሬ የለም።

አሁን ወደ ፎቶው። ሰውየው የያዘው አጭሩን የማዕበል መቅዘፊያ ነው። እጀታው ሁለት ጡጫ ያህል ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ቅዝፊያ መቅዘፊያው አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እጅ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ስለዚህ አንደኛው እጅ መሃሉ ጋ ሲሆን ሌላኛው ክንፉ ላይ መሆን ግዴታው ነው፣ ነፋስ የሚያገኘውም አየር ላይ የቀረችውን አጭር ቁራጭ ብቻ ነው። ክንፉን በእጅ ልክ የሚጠርቡትም አንድም ለዚሁ ነው። እና እባካችሁ በሚቀጥለው እትም የፎቶውን ጽሁፍ አስተካክሉልኝ፣ የሰውየውን እጅ ተዉት።

አንባቢያችሁ