ከገብርኤል እስከ ገና

ይድረስ ለመዝናኛ ዓምድ አዘጋጅ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ ስለ ፈረንጆቹ የገና የፍቅር ፊልሞች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ ይላል። ታሪካቸው መመሳሰሉን አልክድም። ልጅቷ ትልቅ ከተማ ትሠራለች። ለገና ወደ ትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች። እዚያ አንድ ደግ ሰው ታገኛለች። በረዶ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ይሳሳማሉ፣ ያልቃል። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። እንዲያውም በእነሱ ሰበብ የምጠይቀው ነገር አለኝ።

ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ። ሥራዬ ሌሊት 9 ሰዓት ስለሚጀምር ማታ ከአንድ ፊልም በላይ አላይም። ታኅሣሥ ሲገባ ያ አንድ ፊልም የገና ፊልም ነው። የምናየው ሦስት ሆነን ነው፤ እናቴ፣ እኔና የ10 ዓመት ልጄ። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ግን ማን ማንን እንደወደደ ከሁላችን ቀድማ ታውቃለች። «ይሄ ልጅ አስተዳደጉ ጥሩ ነው» ትላለች። ቻናል ለመቀየር ሪሞት ፍለጋ የሚሯሯጥ የለም። አያት፣ እናትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው ሳይሳቀቁ የሚያዩት የፍቅር ፊልም ቀላል ነገር አይደለም።

ጽሑፋችሁ ፊልሞቹ የሚያምሩት በበረዶና በገንዘብ ነው ማለቱ ግን አልተዋጠልኝም። በዚህ ዘርፍ ስሙ የገነነው የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሆልማርክ ነው። ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1910 በፖስትካርድ ንግድ የጀመረ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በሁለት ቻናሎቹ 40 አዳዲስ የገና ፊልሞች አሳይቷል። የአንዱ ቀረጻ ሦስት ሳምንት እንኳ አይፈጅም። ብዙዎቹ ካናዳ ውስጥ፣ ያውም በበጋ ሙቀት ነው የሚቀረጹት። ተዋናዮቹ በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ደርበው ይቆማሉ። በረዶ የምንለውም አብዛኛውን ጊዜ አረፋ፣ ወረቀትና ነጭ ጨርቅ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ይበልጥ ወደድኳቸው። ዓይን የሚይዘው በረዶው ሳይሆን ከተማው ነዋ። ዳቦ ጋጋሪዋ ስም አላት። ፖስተኛው ስም አለው። የምትመለሰዋን ልጅ ሁሉም በሕፃንነቷ ያውቋታል።

ልጄ አምና ለትምህርት ቤት የገና ካርድ ሠርታ ነበር። እዚሁ ሐዋሳ ያለውን ታቦር ተራራ ሣለችና አናቱ ላይ ጥጥ ለጠፈችበት። «እማ፣ እኛ ጋ ለምን በረዶ አይወርድም?» አለችኝ። ካርዱን አስቀምጬዋለሁ። ባየሁት ቁጥር ግን ቅር ይለኛል። ልጄ የምትኖርበትን ገና በፊልም አይታው አታውቅም።

በእኛ ፊልሞች ሐዋሳ የእንግዳ ማረፊያ ናት። ጥንዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ይሄዳሉ፣ ጀልባ ይወጣሉ፣ ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል ዓሣ ይበላሉ፣ እሁድ ይመለሳሉ። ባጃጅ ነጂው አንድ ቃል ሳይናገር ያልፋል። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ አፍቅሮ፣ እዚህ የሚኖር ሰው አላይም።

ታሪኩ እኮ በእጃችን ነው። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ይውላል። በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 19፣ የእኛ ገብርኤል ነው። ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል። አልጋ ይጠፋል፣ ሰው ዘመድ ቤት መሬት ላይ ያድራል። እስቲ አንዲት ልጅ የእናቷን ስለት ልታደርስ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር መጣች እንበል። ልትመለስ ስትል እናቷ «ገናን ሳታሳልፊማ አትሄጂም» አሉ። ከገብርኤል እስከ ገና አሥር ቀን ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ በመሃል ሠርግ የለም፣ ጭፈራ የለም። የሚዋደዱት ሰዎች መታገስ አለባቸው። ሰውየው አሞራ ገደል መረብ የሚጠግን ይሁን። ስኒ ሲያቀብላት እጃቸው ቢነካካ ለእኔ ይበቃኛል። እናቴም ዓይኗን ከስክሪኑ አትነቅልም። ሠርጉ ደግሞ በጥር ይደርሳል።

የገና ዋዜማ ሌሊትን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። የሰፈሩ ሴቶች ድፏቸውን በትሪ ይዘው ይመጣሉ። ሲዳማ የእንሰት አገር ስለሆነ ኮባው ትኩስ ነው፤ ምድጃው ውስጥ ሲገባ ሽታው መንገድ ድረስ ይወጣል። የኦርቶዶክሱም የፕሮቴስታንቱም ድፎ አንድ ምድጃ ውስጥ ነው የሚገባው። እንዳይቀያየር አንዷ ትሪዋ ላይ ክር ታስራለች፣ ሌላዋ ስሟን ጽፋ ትሰካበታለች። ወረፋው ሲረዝም ወሬው ይደራል። ማን ከአዲስ አበባ መጣ፣ ማን ቀረ፣ የማን ልጅ ደወለች።

አምና አንዲት ወጣት የእናቷን ድፎ ስትጠብቅ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። በዚያው ቀን ነበር ከአዲስ አበባ የገባችው። ሠራተኛዬ ጋቢውን አምጥቶ አለበሳት። ድፎው ሲወጣ አልቀሰቀሳትም፣ እንዳይቀዘቅዝ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ አስቀመጠው። ሊነጋ ሲል ነቃች። እሱ ትሪውን ተሸከመ፣ እሷ ጋቢውን እንደለበሰች ተከተለችው። በሩ ላይ ቆሜ እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው።

እባካችሁ ይህን ደብዳቤ ፊልም ሠሪዎች በሚያዩት ገጽ ላይ አውጡልኝ። ለቀረጻ ዳቦ ቤቴ ክፍት ነው፣ ኪራይ አልጠይቅም። በዋዜማው ሌሊት ከመጡ ብቻ ካሜራቸውን ጥግ ይዘው ይቁሙ። ምድጃው የሰው አደራ ሞልቶበታል።

የዳቦ ቤት ባለቤት
ከሐዋሳ