ስለ ዓሣ ጠይቀኸኝ ነበር

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። እናትህ ማረፋቸውን የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነው። ያን ያህል ዘግይቶ መደወሉ ከበደኝ። ዛሬ ነገ ስል ይኸው እዚህ ደረስኩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ከጉማራ ወንዝ ጭቃ በጭቃ ሆነን ስንመለስ ሳይቆጡ ዓሣውን ተቀብለው ጠብሰው ያበሉን እንደነበር መቼም አልረሳም። ይቅር በለኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ «እዚያስ ዓሣ ታጠምዳለህ?» ብለኸኝ ነበር። «ጊዜ የት አለ» ብዬ አለፍኩት። አሁን መልስ አለኝ።

ዋሽንግተንን ይዞ የሚወርድ ፖቶማክ የሚባል ወንዝ አለ። ከጆርጅታውን ትንሽ አለፍ ብሎ ፍሌቸርስ ኮቭ የሚሉት ቦታ ጀልባ ይከራያል። ባሕሩ ከዚያ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ውኃውም ጨው የለውም። ግን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እስከዚያ ይደርሳል። ወንዙ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ዕቃዬን ያስቀመጥኩበት ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ውኃ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። እኛ ጣና ላይ እንዲህ ያለ ነገር መቼ አየን?

በዓቢይ ጾም አካባቢ፣ ዛፎቹ ሲያብቡ፣ ሻድ የሚባል ዓሣ ከአትላንቲክ ይመጣል። ክረምት ሲገባ የጣና ዓሦች እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ ሽቅብ ሲወጡ ትዝ ይልሃል? ይኼም እንደዚያ ነው። ወንዙ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ዓመታት ያድጋል፣ ከዚያ የተፈለፈለበትን ወንዝ ፈልጎ ይመለሳል።

ዓይነቱን መለየት አንድ ወቅት ሙሉ ፈጅቶብኛል። አሜሪካን ሻድ እና ሂኮሪ ሻድ ሁለቱም ብርማ ናቸው። ከስንጥባቸው ኋላ ጥቋቁር ነጠብጣብ ተደርድሮባቸዋል። ስለዚህ ነጠብጣቡን አትመን፤ አፉን እይ። ሂኮሪው አፉን ሲዘጋም የታችኛው መንጋጋው ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። የአሜሪካኑ ግን ከላይኛው ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሂኮሪው አነስ ያለ ነው፤ የአሜሪካኗ ሴቴ ሁለት ኪሎም ታልፋለች። ጊዛርድ ሻድ የሚባልም አለ፤ እሱ ከጀርባ ክንፉ ጫፍ እንደ ክር የረዘመ ነገር ስላለው አያሳስትም።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ይዤ ባልዲ ውስጥ ከተትኩ። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ አይተው «ልጄ፣ መልሳቸው፤ እዚህ ወንዝ ላይ ሻድ ይለቀቃል» አሉኝ። አንደኛው ሞቶ ነበር። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በኋላ ታሪኩን ሰማሁ። ድሮ ይኼ ዓሣ ወንዙን ይሞላው ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ ከርስቱ ከማውንት ቨርነን ሥር ሻድና ሄሪንግ የሚባል ሌላ ዓሣ ያስጠምድ ነበር፤ መረቡን የሚጎትቱት በባርነት የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። ኋላ ላይ ከልክ በላይ ማስገር፣ ግድብና ቆሻሻ ተደራርበው ሊያጠፉት ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1982 ፖቶማክ ላይ ሻድ ማስገር ተከለከለ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ እንቁላሉን እየሰበሰቡ፣ እየፈለፈሉ፣ ጫጩቶቹን በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድርገው ወደ ወንዙ መለሱ። የትምህርት ቤት ልጆች እንኳ ክፍላቸው ውስጥ እያስፈለፈሉ ለቀዋል። ሊትል ፎልስ ግድብ ላይም ማለፊያ ተሠራለት። ዓሣው ተመለሰ፤ ክልከላው ግን አልተነሣም። እኔም እይዛለሁ፣ እለቃለሁ።

አያያዙን ብታየው ትወደዋለህ። ዳርት የሚሉት ከእርሳስ የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ ትንሽ መንጠቆ አለ፤ ጭራው ላይ ጸጉር ታስሮበታል። ቀጭን ክር ላይ አስረህ ወንዙን አግድም ትወረውረዋለህ። ወራጁ እየገፋ ሲያዞረው ቀስ እያልክ ትጠቀልላለህ። ሻድ ወንዝ ከገባ እምብዛም አይበላም፤ ፊቱ የሚያልፈውን ግን ይነክሳል። ውኃው ሞልቶ ሊጎድል ሲል ለትንሽ ጊዜ ቀጥ ይላል፤ ያኔ እኔ ምንም አይዝልኝም። መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ በተለይ ወደ ማታ፣ ክሩ ድንገት ይወጠራል። ዓሣው ከውኃው ዘሎ ይወጣል። ታዲያ እንዳትጎትት! አፉ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ከጎተትከው ይቀደዳል። ክሩን ላላ አድርገህ እሱ ሲሮጥ ትለቅለታለህ፣ ሲደክም ትስባለህ። ከዚያ እጅህን አርጥበህ ይዘህ፣ ራሱን ወደ ወራጁ አዙረህ ትለቀዋለህ። እጄ ውስጥ ትንሽ ይቆይና ጭራውን መትቶ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሁልጊዜ አንተ ትዝ ትለኛለህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጉማራ እንዴት ነው? ዓሦቹ ሽቅብ በሚወጡበት ወቅት ወንዙ አፍ ላይ አሁንም መረብ ይዘረጋል? እኛም ዘርግተን ነበርና ይከነክነኛል። አጥማጆቹ ምን ይላሉ? አንተ ቅርብ ስለሆንክ ሄደህ እየውና ጻፍልኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነኝ፤ ከፈለግክም ደውልልኝ። እኔም እደውላለሁ፤ አሁን አልጠፋም።

የእናትህን መቃብር ስትጎበኝ በእኔም ስም ሻማ አብራልኝ።

ወንድምህ