ካሴቶቹ ረጥበዋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ደጃችሁ መጥተናል

ውድ አባሎቻችንና ወዳጆቻችን፣

ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ገንዘብ ስንጠይቃችሁ ሦስተኛ አንመለስም ብለን ነበር። ቃላችንን አፍርሰናል፤ ይቅርታ አድርጉልን። ያስፈረሰን ጣሪያው ነው።

የቪዲዮ ካሴት ክፍላችን ጣሪያ ጥጉ የተደረመሰው በአንድ ሌሊት ዝናብ ነው። ውሃው ወደ ዲጂታል የተገለበጡት የተደረደሩበት ላይ ጠብ እንኳ አላለም፤ የወረደው ገና ወረፋ በሚጠብቁት ካርቶኖች ላይ ነው። ገንዘብ ያዣችን ጠዋት በሩን ስትከፍት በእስክሪብቶ የተጻፉት ስሞች ቀልጠው ሰማያዊ ውሃ ሆነዋል። በእርሳስ የተጻፉት ብቻ እንዳሉ ናቸው። አምስቱን ብሎን ፈትተን የአንዱን ሆድ ስናየው የክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ እንደ ዱቄት ተነስንሷል።

ከዚያም ከኮሚቴው አንዱ (ማን እንደሆነ ራሱ ያውቃል) ቸኩሎ አንዱን ካሴት ሳይጸዳ ዴኩ (የካሴት ማጫወቻው) ውስጥ ከተተው። ሻጋታው ክሩን በሚያነበው ሄድ ላይ ተጋገረ፤ ዴኩም በዚያው ቆመ። አሁን ክሩም ማጫወቻውም ታመውብናል።

«የድሮው የሙዚቃ ቪዲዮ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ለምን ትደክማላችሁ?» የምትሉን አላችሁ። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካው የሙዚቃ አሳታሚ በሞታውን 25ኛ ዓመት ዝግጅት ላይ የጨፈረውን ከሆነ የምትፈልጉት፣ እውነት ነው፣ አለ። ግን የሚጫነው አብዛኛው የቅጂ ቅጂ ነው። ፓል በሚባለው የስርጭት ሥርዓት ቴሌቪዥን በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ይልክ ነበር፤ ሲጫን ብዙውን ጊዜ ወደ 25 ሙሉ ምስል ይወርድና የእንቅስቃሴው ግማሽ ይጠፋል። ጭፈራ የሚወድ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። ሌላው ደግሞ ጨርሶ የትም የለም።

የሌለውም ጣቢያዎቹ ራሳቸው ስላጠፉት ነው። የዚያን ጊዜው ባለ 2 ኢንች ክር ውድ ነበር፤ ተደምስሶ ደግሞ እንደገና ይቀረጽበታል። የቢቢሲ የሙዚቃ ፕሮግራም «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን የ1960ዎቹ ዝግጅቶቹ አብዛኞቹ የሉም። የእንግሊዙ ባንድ ቢትልስ እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1966 እዚያ መድረክ ላይ ቀርበው ሲጫወቱ የተቀረጸው ጠፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተገኘው አንድ ቤተሰብ ከቴሌቪዥኑ ላይ በ8 ሚሊሜትር ካሜራ ያነሳው ድምፅ አልባ ቁራጭ ነው። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1973 «ዘ ጂን ጂኒ» የተሰኘ ዘፈኑን የተጫወተበትም እንደ ጠፋ ተቆጥሮ ነበር። ለካስ ካሜራ ያነሳው ጆን ሄንሻል ለራሱ ማስታወሻ ቅጂ አስገልብጦ ኖሯል፤ ብቸኛው መሆኑን ሳያውቅ ወደ አርባ ዓመት ገደማ አስቀምጦት እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። እኛ ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ ገና አላየንም። እንቅልፍ የሚነሳንም ይኸው ነው።

ስለ ወጪው ደግሞ ሐሜቱ ደርሶናል። «ለአንዲት ሳጥን ይህን ያህል?» ተብሏል። ሳጥኗ ታይም ቤዝ ኮሬክተር ትባላለች፤ ያረጀ ክር ሲጫወት የሚንቀጠቀጡትን መስመሮች ታረጋጋለች። ሳትገዛ በፊት ያሳየናችሁን ታስታውሳላችሁ፤ የማይክሮፎኑ ዘንግ እንደ እባብ ይጥመዘመዝ ነበር። ከተገዛች ወዲህ የተገለበጡትን ሦስቱን መደርደሪያዎች መጥታችሁ ተመልከቱ። የሦስት ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም፤ ያን ሁሉ ሌሊት የተቀመጡት አባላት አንዲት ሳንቲም አልተከፈላቸውም። ደረሰኞቹ ሁሉ ፋይል ውስጥ ናቸው።

አሁን የምንለምነው ለአዲስ ዕቃ አይደለም። ለጣሪያው ጥጋን፣ ለዴኩ ሄድ፣ ለተጣራ ውሃና ለአየር ማድረቂያ ነው። የረጠበ ክር በተጣራ ውሃ ታጥቦ በቀዝቃዛ አየር ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ ከሰጡት ይጨማደዳል። ሻጋታው ግን እኛ ገንዘብ እስክናዋጣ አይጠብቅም። ካለፈው ጥሪ የተገኘው ከታሰበው ሲሶውን ያህል ብቻ ስለነበር በእጃችን ያለው ለጣሪያውም አይበቃም።

ካሴቶቹ የእኛ አይደሉም። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ስብስብ በጋቢና በአንሶላ ጠቅልለው ሲያመጡልን «እናንተ ዘንድ ይሻላል» ነበር ያሉን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አደራ በላ መባልን ይፈራል። እኛም ፈርተናል።

የምትሰጡት ትንሽም ቢሆን አይናቅም። ገቢ የምታደርጉት ከዚህ ጥሪ ጋር በደረሳችሁ ወረቀት ላይ ባለው የሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው። ሒሳቡ የተከፈተው በኮሚቴው ስም ሲሆን ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። ስታስገቡ ምክንያቱ ላይ «ለካሴት» ብላችሁ ጻፉ፤ ባለፈው ያልጻፉ ሰዎችን ገንዘብ ከወርኃዊ መዋጮ ለመለየት ብዙ ተቸግረናል። ደረሰኙን ለገንዘብ ያዣችን አሳዩ።

ገንዘብ የሌላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ኑ። ብሎን የሚፈታ፣ ክር የሚያጥብ፣ የደበዘዘ ጽሑፍ የሚያነብ እጅና ዓይን እንፈልጋለን። ቀጭን ብሎን መፍቻ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቤታችሁ የተቀመጠ ካሴት ካለም አሁን አታምጡት፤ ጣሪያው እስኪጠገን እዚያው ደረቅ ቦታ ይቆይ።

በድጋሚ እናሳስባለን፦ ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ያለው ያው አንዱ ነው፤ ምክንያቱ ላይ «ለካሴት» ይባል። በግል ስም አስገቡልን የሚላችሁ ቢኖር እኛ አይደለንም።

ኮሚቴው