ማሽን ስትገዙ ዋቱን ተዉት፣ መምጠጡን እዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የመኪናውን ውስጥ በደንብ ለማጠብ ማሽን የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ዋት የሚነግራችሁ ሞተሩ የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የመምጠጥ አቅሙን አይደለም። ለወንበር ጨርቅ ደግሞ ዋናው መምጠጡ ነው። ውሃና ሳሙና መርጨትማ ምኑ ይከብዳል! መምጠጡ ደካማ ከሆነ ቆሻሻው ከነሳሙናው ወደ ወንበሩ ስፖንጅ ይወርዳል፣ ላዩ ያምራል፣ ከዚያ መስኮቱ ተዘግቶ ሲያድር መኪናው እንደ እርጥብ ካልሲ ይሸታል።

ስለዚህ ኤክስትራክተር፣ ማለትም ውሃና ሳሙና ረጭቶ መልሶ የሚመጥ ማሽን፣ ስትመርጡ አፉ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ይሁን። የሚመጠው ውሃ ጥቁር ከሆነ ትቀጥላላችሁ፣ ከጠራ ይበቃል። አንዴ ረጭታችሁ ደጋግማችሁ ምጠጡ። ወንበር ስር ግን እንዳትረጩ፣ የኤርባግ ሽቦዎች እዚያ ያልፋሉ።

የእንፋሎት ማሽን ሁሉን ይሠራል የሚሉ ሻጮች አሉ። አይሠራም። እንፋሎት ቆሻሻውን ያላቅቃል እንጂ አያወጣውም፤ ወዲያው በማይክሮፋይበር ጨርቅ ካልጠረጋችሁ እዚያው ይደርቃል። ለአየር መውጫዎችና ለወንበሩ ሐዲድ ግን እሱን የሚያህል የለም። ከስክሪንና ከቆዳ ወንበር አርቁት። የጣሪያው ጨርቅ ደግሞ በሙጫ የተያዘ ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ይረግባል።

አንድ መኪና ብቻ ላለው ሰው፣ እውነቱን ለመናገር፣ እርጥቡንም ደረቁንም የሚመጥ ቫኪዩምና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ትልቁን ማሽን በየቀኑ መኪና ለሚያጥቡት ተዉላቸው።

አንባቢያችሁ